የጣሪያው ውኃ በየት ይሂድ

ሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን 1976

ዛሬ አለቃችን ጓድ ክፍሉ ቢሮው ጠርቶ ሥራ ሰጠኝ። ድሬዳዋ ከተመደብኩ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጬ የቧንቧ ዝገት ስፈቀፍቅ ነው የከረምኩት። አሁን ከዚራ ሰፈር ያሉት የእንግዳ ማረፊያ ቪላዎች ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መድረስ አለባቸው ተብሏል። በየመኝታ ቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ይገባል። ማቀዝቀዣው የሚያንጠባጥበውን ውኃ በግድግዳ አውጥቶ ደጅ የሚያፈሰውን ቱቦ የምዘረጋው እኔ ነኝ።

«የተማርሽው ይኼን አይደል?» አለኝ።

የተማርኩት ቤት ማሞቅ ነው። ላይፕዚግ አራት ዓመት ስቀመጥ ከቤት ማሞቂያ የሚወጣውን ውኃ ደጅ የሚያፈስ ቱቦ ስዘረጋና ከበረዶ ስጠብቅ ነበር። ተመልሼ የተመደብኩት ሰው ለመተኛት ፍራሹን ግቢ በሚያወጣበት ከተማ ነው። «አይደለም» ማለት ሲገባኝ «አዎ ጓድ» አልኩ።

አብሮኝ የሚሠራው አብዲቃድር ሮብሌ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዕድሜው አርባ ይጠጋል። ሁለት የቀን ሠራተኞችም አሉን። አብዲቃድር ገና ሲያየኝ «ከጀርመን የመጣሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አንቺ። ባደግኩበት ደብረ ብርሃን ሰው ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ለአለቃው፣ አንቺ አይልም። ከመጀመሪያው ቀን ንቆኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6

ሙቀት። ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም። ራስ ምታት። ማንንም ሳላናግር ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13

የመጀመሪያውን ቪላ ጨረስን። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሚያየው ሰው የለም እንጂ። ቱቦውን ዛፉ ጥላ በሚጥልበት ጎን አወረድኩት። ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ካገኘው ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ስለዚህ በኖራ ቀባነው። መሬት ሲደርስ ቦይ ቆፍረን አሸዋ አለበስነውና ፍየልና የሰው እግር እንዳያገኘው ጡብ ደረደርንበት። ተርብ ጎጆ እንዳይሠራበት አፉን በወንፊት ሸፈንን። ከሁሉ ያስቸገረኝ ዘንበል ማድረጉ ነው። መሐል ላይ ትንሽ ከጎበጠ ውኃው እዚያ ይተኛና ወደ መኝታ ቤት ይመለሳል። አብዲቃድር የጎበጠውን ቦታ ከእኔ እኩል አየው። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እጃችንን ሰደድን።

ረመዳን ነው፤ እሱ ይጾማል። እኔም የሐዋርያት ጾም ይዣለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ምሳዬን ይዤ ከግድግዳው ጀርባ ስደበቅ አየኝ።

«ብይ አቦ» አለ። «ያንቺ መብላት የኔን ጾም አያፈርስም።»

አጠገቤ ጥላው ውስጥ ተቀመጠና ስለ ጀርመን ጠየቀኝ።

«እዚያ ቱቦውን ከምንድን ነው የምትጠብቁት?»

«ከብርድ።»

«ብርድ ቱቦን ምን ያደርገዋል?»

«ውስጡ ያለው ውኃ ይረጋል፤ ድንጋይ ይሆናል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ማሞቂያው ይጠፋና ቤተ ሰቡ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።»

«ወላሂ?» አለና ጥቂት አሰበ። «ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሱፍ እናለብሰዋለን። ከላዩ ሬንጅ የተቀባ ወረቀት እንጠቀልልበታለን።»

«ቱቦ ሱፍ ይለብሳል» አለ፣ ደረቱ ድረስ የተከፈተውን ሸሚዙን እያየ። «እኛ ሸሚዝ ከብዶናል።»

ሳቅኩ። አንዱ የቀን ሠራተኛ «ጀርመኗ ዛሬ ጥርስ አወጣች» ሲል ሰማሁት። አብዲቃድር ፊቱን አዙሮ በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረው፤ ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ። ምን እንዳለው አላወቅኩም። ስለ እኔ ስለሆነ ደግ ነገር አይሆንም።

እሑድ፣ ሰኔ 24

ኢድ ነው። መጋላ ሰፈር ክፍል ያከራየችኝ ሴትዮ፣ እትዬ ቱሪያ፣ ጠዋት በሬን አንኳክታ «ዛሬ ከኛ ጋር ነሽ» አለች። ሥራ አለብኝ አልኳት። አልነበረብኝም። ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የእንግዶቿን ሳቅና የሕፃናቱን ሩጫ ሰማሁ። ሲመሽ በሬን ስከፍት ደፉ ላይ ክዳን የተደፋበት ሳህን ተቀምጧል። ሩዝና ሥጋ። ከእንግዳ የተረፈ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

ሦስተኛው ቪላ። ዛሬ አንድ ነገር ሆኗል፤ በደንብ ልጻፈው።

የቪላው የኋላ አጥር ላይ የተለጠፈ የጭቃ ጡብ ቤት አለ። ሃዎ የምትባል ሳንቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ትኖርበታለች። እህቷ ሰምሰም አብራት አለች፤ ወገቧን ታማ ከአልጋ ከተነሣች ዓመት አልፏታል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የሰምሰም አልጋ አጥሩን የተደገፈው ግድግዳ ሥር ነው የተዘረጋው፤ ሌላ የሚዘረጋበት ቦታ የለም።

ጓድ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ መጣና የቪላውን ጣሪያ አሸንዳ አየ። ዝናብ ሲዘንብ አሸንዳው ፊት ለፊት አበባው ላይ ነው የሚያፈሰው።

«ይኼንንም ካንቺ ቱቦ ጋር አገናኝተሽ ወደ ኋላ አስወጪው» አለኝ። «ፊት ለፊት አንድ ጠብታ ውኃ እንዳላይ።»

«ጓድ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ ጠብታ ነው። የጣሪያው ግን ብዙ ነው። ከኋላ ደግሞ የሰው ግድግዳ አለ።»

«እሱ ቤት ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው። ከበዓሉ በኋላ ይታያል።»

«እሺ ጓድ።»

አንዴ ተናገርኩ፤ እሱንም በቀስታ። ሁለተኛ አልደገምኩም። አብዲቃድር መሰላሉ ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። አሸንዳውን ከቱቦው ጋር የሚያገናኘውን መታጠፊያ፣ ጎሚቶውን፣ ማጥበቅ ጀመረ።

ልንሄድ ስንል ሃዎ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ቱቦ አፉ ወደኔ ነው?»

«ወደዚህ ነው እማማ። ጠብታ ብቻ ነው።»

«ጠብታ ከሆነማ አልሐምዱሊላህ። ቆርቆሮ አስቀምጥበታለሁ።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

የሦስተኛው ቪላ ማቀዝቀዣዎች ሲሞከሩ ዋሉ። ሃዎ ከቱቦው አፍ ሥር የዘይት ቆርቆሮ አስቀምጣ ንጹሕ ውኃ ቀዳች። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሰው በጀሪካን ሩቅ ይሄዳል። በአጥሩ ቀዳዳ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንቡሳ አቀበለችኝ። «ለሰምሰም ፀጉሯን አጠብኩላት፣ ባንቺ ውኃ» አለችኝ።

ሳንቡሳውን መብላት አልቻልኩም። ለሠራተኞቹ ሰጠሁት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 17

ዘነበ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና ወረደ። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋውን ሞልቶ መጣ፤ ወደ መጋላ መሻገር አልቻልኩም። ዳር ቆሜ ሳለ አብዲቃድር ከኋላዬ ደረሰ።

«በድልድዩ ዞረሽ ሂጂ። እኔም በዚያው ነኝ» አለ።

ቤቱ በዚያ በኩል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሚኖረው እዚሁ ከዚራ ጀርባ ነው። ጉዳይ ኖሮት ይሆናል።  ድልድዩ ላይ ቆሞ ከታች የሚሮጠውን ቀይ ውኃ እያየ «ሃዎ ቆርቆሮዋ አይበቃትም ዛሬ» አለ።

እኔም እሱን ነበር የማስበው። እንዳላሰብኩ ሆኜ «መሸብን» አልኩት።

እትዬ ቱሪያ በር ላይ ቆማ ነበር። «ማነው እሱ?» አለችኝ። የሥራ ባልደረባ አልኳት። «ጃንጥላ ሳይኖረው መጣ?» አለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 18

ጠዋት ሃዎ ቤት ገባሁ። ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ርሷል። ጣቴን ስጭን እንደ ሊጥ ገባ። ሰምሰም አልጋዋ ላይ ሆና ጀርባዋን በነጠላ ጠቅልላለች። «በረደኝ» አለች። ድሬዳዋ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው በረደኝ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጓድ ክፍሉ ጋ ሄድኩ። ግድግዳው ሊወድቅ ነው፣ አሸንዳውን ለይተን በፊት ለፊት ከመሬት በታች ወደ መንገዱ ቦይ እናውጣው አልኩት። ፊት ለፊት መቆፈር ሲባል ፊቱ ተለወጠ።

«ከዘጠኝ ቀን በኋላ የበዓሉን ዝግጅት ተመልካች ይመጣል። አበባውን ቆፍሬ ላሳየው?»

«ሰው አለ ጓድ፣ ግድግዳው ሥር የተኛች ሴት አለች።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ማዘንጊያ። እኔ ሰባት ልጅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለትንሽ ነገር ስሜ ተጠርቶ እንቅልፍ አጥቼ ከርሜያለሁ። በዓሉ ይለፍ።»

ፊቱን ላብ አጥምቆት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መጻፌ ለሱ ነው ወይስ ለራሴ አላውቅም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 20

ሥራ አልነበረም፤ ቱቦ አልመጣም። አራተኛው ቪላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። እንዲያው ለጨዋታ ያህል በሚስማር አሸዋው ላይ የሦስተኛውን ቪላ ሣልኩ። አሸንዳው ይኼ ነው፣ እዚህ ላይ ቢቆረጥ፣ በዚህ በኩል ዘንበል ቢል፣ ውኃው በራሱ መንገድ ላይ ይወጣል። ለራሴ ብዬ ነው እንጂ ለማንም አላልኩም።

አብዲቃድር ጎንበስ ብሎ አየው። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«በደንብ ለመቅበር ሳምንት። ለጊዜው ለማዞር ግን አንድ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።»

«ሃዬ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ሥዕሉን በእግሬ አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ተራ ወሬ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 23

የሦስተኛው ቪላ አሸንዳ ተቆርጧል። ወደ ኋላ የሚሄደው አፉ ተደፍኗል። ውኃው በፊት ለፊት ግድግዳ ወርዶ፣ አበባው መሐል በተሸሸገ ቱቦ መንገድ ላይ እንዲወጣ ተደርጓል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ዘንበሉም ልክ ነው። እሑድ የሠራ ሰው አለ ማለት ነው።

ማንንም አልጠየቅኩም። ያንን ቪላ ጨርሻለሁ፤ ማየት አይጠበቅብኝም።

አብዲቃድር እጁ ቆስሏል። ጨርቅ ሰጠሁት። «ምን ሆንክ?» አላልኩትም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 27



ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ተመልካቾቹ መጡ። የተቆረጠው ቱቦ ውኃውን ወደ መንገድ ከማድረሱ በፊት አበባው መሐል ያልተቀበረው ክፍል ተነቅሎ፣ ግቢው በሙሉ ጭቃ ሆኗል። ከመኪና የወረደው ትልቁ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ማንም አልሳቀም። ሰውየው ጫማውን እያየ «ይኼ ነው ዝግጅታችሁ?» አለ።

ጓድ ክፍሉ ሁላችንንም አሰለፈን። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ማነው አሸንዳውን የነካ?»

አብዲቃድር አንድ እርምጃ ወጣ። «እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ግድግዳው ሊወድቅ ነበር።»

«የማን ግድግዳ? የአብዮቱ በዓል ሲደርስ አሻጥር! ማን አዘዘህ ነው የምልህ?»

«ማንም አላዘዘኝም አልኩ።»

አጠገቡ ነበር የቆምኩት። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። ወደኔ ዞር አላለም፤ ዓይኑን እንኳ አላነሣም። ቢያየኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። እናገር ነበር።

በላንድሮቨር ወሰዱት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 28

አልተኛሁም። አልበላሁም።

እሱ ራሱ «ማንም» አለ። ውሸታም ላደርገው ነው? እኔ ትእዛዝ አልሰጠሁም። አሸዋ ላይ መሣል ትእዛዝ አይደለም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 30

የውኃ ቦኖው ጋ ተራ ይዤ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «የሮብሌን ልጅ ያዙት አሉ።» «ወንድሙ ጅቡቲ ነው እኮ፤ ምክንያት ሲፈልጉለት ነበር። በቶሎ አይፈቱትም።» እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ጀሪካኔ ሳይሞላ ሄድኩ።

ጓድ ክፍሉ አሸንዳውን ወደ ኋላ እንድመልስ አዘዘኝ። ጎሚቶ የለም አልኩት። ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ ሳጥን ሙሉ አለ፤ እኔው ነኝ የቆጠርኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ወጥቼ ስመለስ የጸለይኩት ምን እንደሆነ አላስታውስም።

ዛሬ ትዝ ያለኝ፦ ሰኔ መጨረሻ ረመዳን ካለቀ በኋላ፣ እኔ በሐዋርያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ፣ አብዲቃድር ውኃ ሲጠጣ ሁልጊዜ ጀርባውን ያዞርብኝ ነበር። ንቀት መስሎኝ ተቀይሜው ነበር። እትዬ ቱሪያን እንደ ዘበት ጠየቅኳት፤ ሰው ሲጠጣ ጀርባ የሚያዞረው ለምንድን ነው ብዬ።

«አንቺ ጾመሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ አስቦልሽ ነዋ» አለች።

ደግሞም ጠየቅኳት፤ እዚህ አገር ሰው ለማያውቀው ሰው አንቺ የሚለው ለምንድን ነው?

ሳቀች። «ድሬ ላይ እርስዎ የሚባለው የተጣላሽው ሰው ነው።»

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ጓድ ክፍሉ ሌላ ሠራተኛ አምጥቶ አሸንዳውን ወደ ኋላ አስመለሰው። እኔን አልጠየቀኝም። ጎሚቶውን ሳጥኑ ውስጥ አገኘውና አየኝ።

ሃዎ ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ያ ልጅ የት አለ? ስንቅ ልወስድለት ሄጄ መለሱኝ። ምን አጠፋ?»

«አላውቅም እማማ» አልኳት።

ሽቅብ አየችኝ። እኔ ረጅም ነኝ፤ እሷ አጭር ናት። አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ አየችኝ፤ ከዚያ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ሄጄ ተናገርኩ።

ጠዋት ልብሴን ለብሼ ወደ ሥራ ስወጣ እግሬ አብዲቃድርን ወዳሰሩበት ቢሮ ሄደ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ስለ አብዲቃድር ሮብሌ ነው የመጣሁት ስለው ወንበር አሳየኝ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አልኩ። «የሥራው ኃላፊ እኔ ነኝ። በየት በኩል እንደሚቆረጥ ሥዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።»

«እሱ ማንም አላዘዘኝም ብሏል።»

«ዋሽቶ ነው።»

«ለምን ይዋሽልሻል?»

 ግድግዳውን አየሁ። እሱ እስክሪብቶውን አነሣ።

«አንቺስ እስከ ዛሬ ለምን ቆየሽ?»

«ፈርቼ።»

ጻፈው። ፈርቼ የሚለውንም ጻፈው። ስለ ግድግዳውና ስለ ሰምሰም ነገርኩት፤ እሱን አልጻፈም። ስንፈልግሽ እንጠራሻለን ብሎ አሰናበተኝ።

ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ልብሴን ሳልቀይር፣ እትዬ ቱሪያ ፊት ቆምኩ። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም። ቤቱ ሊወድቅ ነው፣ አልጋ የያዘች ሴት አለች፣ የኔ ክፍል ትሁናት፣ እኔ ሌላ ቦታ እተኛለሁ አልኳት። 

«አንቺ ከክፍልሽ የትም አትሄጂም» አለች። «ትልቁ ክፍል ለምንድን ነው? ሰው ጥሪ፣ አልጋው ከባድ ነው።»

ሰምሰምን ከነአልጋዋ አራት ሆነን ተሸከምናት፤ ሁለቱ የቀን ሠራተኞች፣ የእትዬ ቱሪያ ወንድምና እኔ። ደቻቱ ደርቆ ስለነበር በአሸዋው ላይ ተሻገርን። ሰምሰም ሰማዩን እያየች መንገዱን ሙሉ ስትስቅ ነበር፤ ሰማይ ካየች ዓመት አልፏታል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 14

አብዲቃድር ተፈታ። የሰማሁት ከሠራተኞቹ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለሆነ ሥራው አይመለስለትም። እኔን ከውጭ ሥራ አንሥተው ግምጃ ቤት መለሱኝ፤ ቪላዎቹ በር ድረስ እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ጥፋቴ መዝገቤ ላይ ይሰፍራል ተብሏል። ጓድ ክፍሉ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 18

ሌሊት ብዙ ዘነበ፤ ግድግዳው ወደቀ። ጡቡ የወደቀው ልክ አልጋው በነበረበት ላይ ነው። የቪላውንም አጥር ይዞት ወረደ። ማንም አልነበረበትም፤ ሃዎም እኛ ጋ ነበረች።

የቪላው ግቢ ለመንገደኛ ሁሉ ወለል ብሎ ስለታየ፣ አጥሩ ዳግም እንዳይወድቅ ተብሎ አሸንዳው በአንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀበረ። ሌሎች ሰዎች ናቸው የሠሩት። በሩቅ ቆሜ አየሁ፤ እኔ አሸዋ ላይ በሣልኩት በኩል ነው የሄደው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 25

ከሥራ ስወጣ ሃዎ ቤት ሄድኩ። አብዲቃድር ግድግዳውን እያነሣው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሥሩን በድንጋይ። ከስቷል። ፀጉሩ ተላጭቷል። አንድ የፊት ጥርሱ የለም። ደህና ነህ አልኩት።

«ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?» አለኝ።

እርስዎ።

«ውኃ ልኩን ይያዙልኝ» አለ፣ በእጁ እያሳየኝ።

ይያዙልኝ። ውኃ ልኩን ያዝኩለት። እሱ ጭቃ ይለጥፋል፣ እኔ ቀጥ ማለቱን አያለሁ። አንቺ በለኝ ልለው አፌ ላይ መጣ። ምን መብት አለኝ?

ድንጋዩ አንድ ዙር ሲያልቅ «ያን ቀን ዝም ያልኩት...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለ። «ፈርተዋል። ሰው ይፈራል።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ኋላ መጥተው እንደተናገሩም ሰምቻለሁ። አላህ ይስጥልኝ።»

«ሥራ አገኘህ?»

«እዚህ አይገኝም። ከአረፋ በኋላ ደወሌ እሄዳለሁ። ዘመድ አለኝ።»

ደወሌ የጅቡቲ ድንበር ላይ ነው። ከደወሌ ወዲያ ምን እንዳለ ድሬዳዋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ኢንሻአላህ» አለና ጭቃውን አነሣ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 1

አረፋ። እትዬ ቱሪያ በሬን ሳታንኳኳ ራሴ ሄድኩ። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሩዝ ለቀምኩ። የሰፈሩ ሴቶች በአራት ቋንቋ ያወራሉ፤ ግማሹን አልሰማም፤ ግን ማንም ተርጉሙላት አላለም፣ እኔም እንደሰማ ሰው ሳቅኩ። ሰምሰም ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ በላች።

አብዲቃድር ከሰዓት በኋላ ሊሰናበት መጣ። ከወንዶቹ ጋር ጥቂት ተቀመጠ። ሃዎ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችው። በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ሁኑ» አለ። ለሁላችንም ነው።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 3

ግምጃ ቤት ስቆጥር ዋልኩ። የበዓሉ ባንዲራ በየመንገዱ ተሰቅሏል። ቪላዎቹ እንግዳ ተቀብለዋል፤ ማቀዝቀዣዎቹም ይሠራሉ አሉ።

አብዲቃድር ዛሬ በባቡር ወደ ደወሌ ይሄዳል፤ ጣቢያ አልሄድኩም። ምን ነኝ ብዬ እሄዳለሁ? ሥራ አለብኝ፣ እሱም አልጠራኝም።

ባቡሩ ግን በሰዓቱ አልወጣም። በጣም ዘገየ፤ ፊሽካውን እስክሰማ ስቆጥር ቆየሁ።